ለኢንዡ የተመረጠ ተራራ

አማቴ ስለ በረዶ የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቀበሮ ጠጉር ካፖርታቸውን እንደሚያበላሽ። እንግዲህ እኚህ ሴት ናቸው፣ ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ በስኪ ሳንቃ በረዶ ላይ መንሸራተት የምትማርበትን ተራራ እኔ ካልመረጥኩ ብለው ቤቱን ቀውጢ ያደረጉት።

"ልጄ" ማለቴን ሰምቶ የሚስቅብኝ አይጠፋም። ኢንዡን አርግዤ የወለድኳት እኔ ነኝ። ነገር ግን በኛ በካዛኮች ወግ የበኩር ልጅ የአያት ነው፤ አማቴም ገና ጡት ሳትጥል ወስደው የራሳቸው አደረጓት። እማዬ የምትለው እሳቸውን ነው። እኔን "እትዬ ኩራላይ"፣ አባቷን ሰርዣንን ደግሞ "ጋሼ" ነው የምትለን። ይኸው ስድስት ዓመቷ፤ በአንድ ጣራ ሥር ከወለድኳት ልጅ ጋር እንደ ታላቅ እህት እኖራለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ትንሽ ያስቀኝ ነበር፤ አሁን ያንገበግበኛል።

ተስፋዬን ስኪ ላይ የጣልኩት ለዚህ ነው። እኔ በረዶ የማይለያት የማዕድን ከተማ፣ የሪደር ልጅ ነኝ። እዚያ አባቴ ማዕድን ቁፋሮው የሚገባው በስኪ ነበር፤ እኛም ትምህርት ቤት የምንሄደው በሱው ነበር። የአልማቲ ከተሜዎቹ የባሌ ዘመዶች ግን ተራራቸውን የሚያውቁት ከምግብ ቤት መስኮት ነው። ስኪ አድርጎ ከመኪናው እስከ ትኬት መስኮቱ ሳይወድቅ የሚደርስ አንድ ሰው ከመካከላቸው አይገኝም። ስለዚህ ኢንዡ በረዶ ላይ ስትቆም የምትይዘው የኔን እጅ ብቻ ነው። አንድ ቀን የኔ ትሆናለች፤ ሌላ ምንም አልተመኘሁም።

ቦታውንም አጥንቼ መረጥኩ። ኮክጆታ ይባላል፤ ከከተማ ብዙ አይርቅም፣ ልጅቷ መኪና ውስጥ ሳታስመልስ ይደረሳል። ተራራ ለማለት እንኳ ያሳፍራል፣ ጉብታ ነው። ለሕፃን ልጅ ገደል ምን ያደርግለታል? የሚያስፈልገው ታች ሰፋ ያለ ሜዳ ነው፤ መቆም ባይችል እንኳ ሜዳው ራሱ የሚያቆመው። ልጆቹን ቀስ አድርጎ ወደ ላይ የሚመልስ ተንቀሳቃሽ ምንጣፍ አለ። አስተማሪዋ ከልጆች ጋር የምታወራው ተንበርክካ ነው። ሽንት ቤቱም ቅርብ ነው። ይህን የሚንቅ ሰው ልጅ በሁለት ሱሪና በዚያ ከባድ ጫማ ተጠፍራ "ሽንቴ መጣ" ስትል ሰምቶ አያውቅም።

እራት ላይ ይህንኑ ተናገርኩ።

"ሽንት ቤት ፍለጋ ነው እንዴ ተራራ የሚወጣው?" አሉ አማቴ የፈረስ ቋሊማውን እየቆረጡ። "ቤታችን ሁለት አለልሽ፤ እዚሁ ትቀመጣ።"

የባሌ እህት ጉልሻት ሳቀች። ጉልሻት እናቷ ተናግረው ሳይጨርሱ የምትስቅ ሴት ናት።

"ኧረ በናትሽ ኩራላይ፣ ኮክጆታ?" አለች። "እዚያ እኮ የሚሄደው የፕላስቲክ ሸርተቴ ብብቱ ሥር ወሽቆ በአውቶቡስ የሚመጣ ሰው ነው። ማን ያየናል?"

"ማንም አያየንም።"

"እኮ! እሱን ነው የምልሽ!"

አማቴ የፈለጉት ትልቁን ነው፣ ከከተማው በላይ ያለውን። ለምን ቢሏቸው ምክንያት ሞልቷቸዋል። ሰው ጭኖ በገመድ ወደ ላይ የሚወጣው ሳጥን ወንበሩ ይሞቃል። ምግብ ቤቱ ሰገነት አለው። ሥጋው በድንጋይ ሳህን ላይ እየጤሰ ነው የሚቀርበው፣ አስተናጋጆቹ ነጭ ጓንት ያደርጋሉ። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ነው። ስለ ቁልቁለቱ፣ ስለ ልጅቷ ጉልበት፣ ስለ ብርዱ አንድ ቃል ካፋቸው አልወጣም።

"እማማ፣ ትልቁ ለጀማሪ አይሆንም" አልኩ። "አንዴ ከፈራች ዕድሜ ልኳን ስኪ አትነካም።"

"አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ? አባትሽ በስኪ የሄደው መኪና ስላልነበረው ነው።"

ባሌን አየሁት። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላሉ፤ የኔው ጭራሽ ከጅቡ ጋር ማዕድ ይቆርሳል። "እንግዲህ እናቴ ካለች..." ብሎ ወደ ሾርባው ተመለሰ።

ዋናው ነገር የወጣው ሻይ ሲቀርብ ነው። ወይዘሮ ዛውሬ የሚባሉ የአንድ ትልቅ ሰው ሚስት አሉ፤ እሑድ እሑድ ከትልቁ ተራራ አይጠፉም። አማቴ የኢንዡን ክር እንዲቆርጡላት ለምነዋቸው እሺ አሰኝተዋል። እኛ ሕፃን መራመድ ሲጀምር ሁለት ቁርጭምጭሚቱን በጥቁርና በነጭ ክር አስረን፣ መልካም ዕድል ያለው ሰው መርጠን እናስቆርጣለን፤ ልጁም አድጎ ክሩን የቆረጠለትን ሰው ይመስላል። ደግ ወግ ነው፣ እኔም አምንበታለሁ። ለስኪ ሲደረግ ግን አባቶቻችን አላዩም። በቅርቡ አንድ ሀብታም ለልጁ አደረገ፣ ፎቶው በየስልኩ ዞረ፣ ከዚያ ሁሉም ካላደረግን አለ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች።

ኢንዡ ግን ዓይኗ በራ። "እማዬ፣ ስለዚህ እንደ ወይዘሮ ዛውሬ ቆንጆ እሆናለሁ?"

"ትሆኛለሽ የኔ ቀንበጥ!"

ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? እሺ አልኩ። ተራራው የትም ይሁን የት፣ እጇን የምይዘው እኔ ነኝ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

እሑድ ወጣን። ወጣን ሲባል ለሠርግ እንጂ ለስኪ አይመስልም ነበር፤ በመኪና የታጨቀ ዘመድ፣ ካፖርት፣ የጠጉር ባርኔጣ። ጉልሻት በተረከዝ ጫማ በረዶ ላይ ስትራመድ ለማየት ብቻ መምጣቱም አይከፋም። ታች የልጆች ሜዳ አለ፤ ትልቁ ተራራም ቢሆን ያን ያህል አላበደም። አማቴ ግን እዚያ አልቆምም አሉ።

"ከኋላ እኮ የመኪና ማቆሚያ ነው! ፎቶው ላይ ምን ሊመስል?"

ስለዚህ ከምግብ ቤቱ ሰገነት ፊት ለፊት፣ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ሆነ። ኢንዡን ስኪ አደረግኩላት። ጫማዋን ሳጠብቅላት ጭንቅላቴን ተደግፋ በጆሮዬ "አትልቀቂኝ እሺ እትዬ" አለችኝ። አለቅሽም አልኳት። አማቴ ክሩን ከቦርሳቸው አውጥተው ሁለቱን ቁርጭምጭሚቷን አንድ ላይ ጠፈሩት።

"እማማ፣ ስኪ ላይ ቆማ እግሯ ይታሰራል እንዴ? ክሩ እስኪቆረጥ ስኪውን እናውልቅላት።"

"ስኪ ካላደረገች የምኑን ነው የሚቆርጡላት? ይልቅ ዞር በይ፣ ፎቶው ውስጥ ገባሽ።"

"እንግዲያው ይዣት ልቁም።"

"ሰርዣን ይያዛት። ወንዱ ቆሞ!"

ወንዱ ትከሻዋን ያዘ፤ እኔ ዞር አልኩ። ወይዘሮ ዛውሬ አንዲት የበረዶ ቅንጣት ያልነካችው ነጭ የስኪ ልብስ ለብሰዋል። ጓንታቸውን እያንዳንዷን ጣት እየሳቡ አወለቁ፣ መቀሱን ተቀበሉ፣ የትኛው ጎናቸው እንደሚያምር አማቴ ለቀጠሩት ፎቶ አንሺ አስረዱት። ጉልሻትም መታገሥ አቅቷት ከረሜላውን ከጊዜው በፊት በተነችው። በኛ ዘንድ እንዲህ የተበተነ ከረሜላ ያነሳ ሰው ዕድል አነሳ ነው፤ የማያውቁን ሰዎች ልጆች ሳይቀሩ ግር ብለው መጡ። የኔም ጀግና ጎንበስ አለ። አንዲት ከረሜላ ለማንሳት የልጁን ትከሻ ለቀቀ።

ኢንዡ አልጮኸችም። እንደ ቆመች ቁልቁል መንሸራተት ጀመረች። ፍጥነቷን ለመግታት እግሯን እንዳትከፍት ታስራለች፣ መውደቅ እንደሚሻል ደግሞ ማንም አላስተማራትም። ፎቶ አንሺው ማንሳቱን ቀጠለ። እኔ ስኪ አላደረግኩም፤ በረዶው ላይ ቁጭ ብዬ በመቀመጫዬ ተለቀቅኩ። ከታች ሰው እንዳያልፍ የተዘረጋው መረብ ላይ ደረስኩባት። ስኪዎቿ መረቡ ውስጥ ተሰንቅረው፣ ክሩ እግሯን እየጠመዘዘ "እግሬን! እግሬን!" ትላለች። ቋጠሮው በረዶ ጠጥቶ በጣት አልፈታ አለ። ጥርሴን ሰደድኩበትና በጠስኩት።

እግሯን ዳበስኩ፣ ደህና ነው። ሁለት እጇን አንገቴ ላይ ጠምጥማ ፊቷን አገጬ ሥር ቀበረች፤ ትንፋሿ አንገቴን አሞቀው። ከወለድኳት ወዲህ እንዲህ አጥብቃ ይዛኝ አታውቅም። አለቀስኩ፣ አልደብቅም። ከዚያ ሌላ ሐሳብ መጣልኝና ደስ አለኝ፤ ክፉ ደስታ ነው። ክሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ወጉን ለስኪ ያመጡት እነሱ ናቸው፣ ክሩም የነሱ ነው፤ እንግዲህ ልጅቷ እኔን ትመስላለች፣ ምን ያመጣሉ?

አማቴ ካፖርታቸው በረዶ በበረዶ ሆኖ፣ ሰርዣን ላይ ተደግፈው "ልጄን! ልጄን!" እያሉ ደረሱ። የተበጠሰውን ክር ሲያዩ ቀጥ አሉ።

"ማነው የቆረጠው?"

"እኔ ነኝ።"

"በጥርሷ!" አለች ጉልሻት፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ከኋላቸው እየወረደች።

ወይዘሮ ዛውሬ አፋፉ ላይ መቀሳቸውን እንደያዙ ቀርተዋል። "እና እኔ ምኑን ልቁረጥ?" ሲሉ ተሰማ። ሳቅኩ። በዚያ ቤት ምራት ሆኜ ከገባሁ ጀምሮ እንደዚያ ከልቤ ስቄ አላውቅም።

ኢንዡ ከአንገቴ ሥር ቀና አለች። ክሩን አየችው፤ ቀጥላ እኔን አየችኝ።

"እትዬ፣ እንዳንቺ ልሆን ነው?"

"ብትሆኚስ ምን አለበት?"

አሰበች። እጇን ከአንገቴ አነሳች።

"አልፈልግም" አለች። ክፋት የለባትም፣ የምታውቀውን ነው የነገረችኝ። "እማዬ አንቺን አትወድሽም። እንዳንቺ ከሆንኩ እኔንም አትወደኝም።"

ሰርዣን ጫማውን ያይ ጀመር። አማቴ ይስቃሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ አልሳቁም። እነዚህን ሰዎች ስንቃቸው የኖርኩት ሁሉ በዚያች ሰዓት ለምንም አልጠቀመኝም።

"እሰሪኝ እትዬ" አለች ኢንዡ፣ ልቅሶዋ እንደገና እየመጣ። "እንደነበረ አድርገሽ እሰሪኝ።"

የክሩን ቁራጮች ከበረዶው ላይ ለቀምኩ። አንዱን ከአንዱ ቀጠልኩ። ስኪዋን አውልቄላት፣ ተንበርክኬ፣ እንዳያማት ላላ አድርጌ ቁርጭምጭሚቷ ላይ አሰርኩት።

"ይምጡ ወይዘሮ ዛውሬ" አልኩ ወደ ላይ ጮክ ብዬ። "ልጅቷ በርዷታል፤ ቶሎ ይቁረጡላት።"