እስቲ ፈገግ ይበሉ

ልጄ ናፍቆት ስትስቅ የላይኛው ከንፈሯ ይጠፋል። ስለዚህ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ሠርጓ ሲቃረብ ጨቀጨቀችኝና ለቡ ሰፈር ያለ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። ከንፈር ደግሞ ሐኪም ቤት ይሄዳል እንዴ?

ሐኪሟ ከንፈር ውስጥ በመርፌ የሚሞላ ነገር እንዳለ፣ ከወራት በኋላ ግን ሟሙቶ እንደሚያልቅ ነገረችን።

"ለምንድን ነው የሚጠፋው?" አለች ናፍቆት።

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። "አባባ፣ እስቲ ፈገግ ይበሉ።"

ሰው ሲያዘኝ አልወድም። ለልጄ ስል ፈገግ አልኩ።

"አየሽ? ከንፈራቸው ስስ ነው፤ ጡንቻው ሲስበው ወደ ውስጥ ይጠቀለላል። ከሳቸው ነው የወረስሽው።"

ናፍቆት ትክ ብላ አየችኝ።

ወደ ሰፈራችን ሀና ማርያም ስንመለስ የታክሲው ረዳት ቀልዶ ሁሉንም አሳቀ። ናፍቆት እንደ ልማዷ አፏን ሸፈነች። የእኔም እጅ አፌ ላይ ነበር።