ሁለተኛው ጠረጴዛ

የየኔታ ወልደ ሩፋኤል ዓይን መድከሙን በደብሩ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ከሚስታቸው ከርብቃ በቀር። እሷም ብትሆን ያወቀችው እሳቸው ነግረዋት አይደለም። አንድ ማለዳ ደጃፍ ተቀምጠው ጸሎታቸውን ሲያደርሱ መጽሐፉን ዘቅዝቀው ይዘውት ኖሯል። ርብቃ ፊደል አልቆጠረችም፤ በመጽሐፉ ውስጥ ያሉትን ሥዕሎች ግን አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች፤ ያን ዕለት ቅዱሳኑ ሁሉ እግራቸው ወደ ሰማይ ነበር። የኔታ ደግሞ አንዲት ቃል ሳይሰናከሉ ይወርዱታል።

በዚያ አገር የቤተ ክርስቲያን ተማሪ የሚማረው በቃሉ ነው። መጽሐፉ በኋላ ይመጣል፤ ለሊቅ ለሊቁ ደግሞ መጽሐፍ መያዝ ለወጉ ያህል ነው። የኔታ ዓመት እየዞረ የሚመጣውን ምንባብ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሲያነቡት ኖረዋል። ስለዚህ ከአትሮንሱ ፊት ቆመው ገጽ እየገለጡ የማያዩትን ሲያነቡ የጠረጠረ አልነበረም። ይባስ ብሎ «የኔታ ሲያረጁ ንባባቸው አማረ» ተባለ። ሕዝብ ሲወድህ እንዲህ አድርጎ ይጨርስሃል።

ርብቃ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። አርብ ገበያ ወጥታ፣ ሁለት ዶሮ ሸጣ፣ ከይግዛው ዘንድ መነጽር ገዛች። ይግዛው መነጽሩን ከባትሪ ድንጋይና ከማበጠሪያ ጋር ሸራ ላይ ዘርግቶ የሚሸጥ ነጋዴ ነው።

«ዕድሜያቸው ስንት ነው?» አላት።

«ስልሳን አልፈዋል።»

«እንግዲያስ ይኸ ነው። ካልሆናቸው መልሽውና እቀይርልሻለሁ።»

ጫማ የሚለካ ይመስል ነበር። ክፉ ሰው ግን አይደለም፤ ቃሉንም ጠብቆ ሦስት ጊዜ ቀይሮላታል። የኔታ መነጽሩን የሚያደርጉት በሩ ተዘግቶ ነው። ራሳቸውን ያማቸዋል፤ «ቀጭን ነው» ይላሉ። ርብቃ ወፍራሙን ታመጣለች፤ እሱንም «አላበራልኝም» ይላሉ። ሁለቱም ጥፋቱ የመስተዋቱ መስሏቸው ከገበያ ገበያ ሲያመላልሱት አንድ ዓመት አለቀ።

ውቂያው አልቆ ጥር ሲገባ፣ የዓይን ሐኪሞች አርብ ገበያ ጤና ጣቢያ እንደሚመጡ ተነገረ። ያወጁት ራሳቸው የኔታ ነበሩ። ከቅዳሴ በኋላ ወጥተው፣ «ዓይናችሁን የታመማችሁ ሂዱ፤ ምርመራው በነፃ ነው፣ መነጽርም ይሰጣል፤ ቸል የሚል ሰው በራሱ ይፈርዳል» ብለው አስተማሩ።

ማታ ርብቃ፣ «ሌላውን ልከው አንቱ ሊቀሩ ነው?» አለቻቸው።

«እኔማ እሄዳለሁ፤ ምእመናኑ እንዲበረታቱ» አሏት።

በጤና ጣቢያው ግቢ ሁለት ጠረጴዛ ተዘርግቷል። በፊተኛው ትዝታ የምትባል ነርስ ሰዉን ታስነብባለች። ማንበብ ያቃተው ወደ ሁለተኛው ያልፋል፤ እዚያ ሐኪሙ ዓይኑን በመብራት አይቶ፣ እርጅና ብቻ ከሆነ መነጽር ይሰጠዋል፤ ሌላ በሽታ ከሆነም ይነግረዋል። በደንብ ያነበበ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የኔታ ተራቸው ደርሶ ትዝታ ፊደል የተጻፈበት ካርቶን ሰጠቻቸው። አራቁት፣ አቀረቡት። ከኋላቸው የደብሩ ግማሽ ቆሟል፤ ያስተማሯቸው፣ ንስሐ የሚቀበሏቸው፣ ያጋቧቸው። ርብቃ ከትከሻቸው አጠገብ ሆና አንገታቸው ላይ ላብ ሲወጣ ታያለች። «በሉ አሁን፣ አላየሁም ይበሉ» ትላለች በሆዷ፣ «አንዲት ቃል ናት።»

የኔታ ካርቶኑን መለሱት።

«ልጄ፣ እኔ የምመረመር ከሆነ በገዛ መጽሐፌ ልመርመር» አሉና የጸሎት መጽሐፋቸውን ከማኅደሩ አወጡ።

ትዝታም ደስ አላት፤ የከተማ ልጅ ብትሆንም አባት ታከብራለች። መጽሐፉን ገለጡት። ገለጡት ግን የእመቤታችን ሥዕል ካለበት ላይ ነው፤ ባንዱ ገጽ ሥዕሏ፣ በሌላው ባዶ ብራና። ፊደል የሚባል የለም። ነርሷ በወዲያ ማዶ ሆና የሚታያት የመጽሐፉ ጀርባ ብቻ ነው። የኔታ በባዶው ገጽ ላይ ጣታቸውን እያስኬዱ በዚያ በሚያምር ድምፃቸው የመጀመሪያውን መዝሙር አንቆረቆሩት።

«ያለ መነጽር!» አለ አንዱ።

ጎረቤቷ ስንዱ ርብቃን በክርኗ ጎሸም አድርጋ፣ «ታድለሽ» አለቻት።

ትዝታ ሳቀች። «አባታችን፣ እርስዎስ ከእኔም ይሻላሉ። መነጽሩ ጥቂት ስለሆነ ለባሰበት ብንሰጠው ቅር ይልዎታል?»

«ለባሰበት ስጡት ልጄ» አሉ የኔታ፣ የራሳቸውን የሚመጸውቱ ያህል ደረታቸውን ነፍተው። ሕዝቡ ይኸን ደግሞ የባሰ ወደደላቸው።

ርብቃ አፏን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችው።

ወደ ቤት ሲመለሱ፣ «ምነው የኔታ?» አለች።

«ምነው ምን?» አሉና ቀድመዋት ሄዱ። ብዙም ሳይርቁ እንቅፋት መታቸው፤ ዞረውም አላዩአትም።

ክረምቱ ገብቶ ወጣ። የኔታ ከጎናቸው የሚመጣውን ሰው መለየት አቃታቸው፤ መቃኑን በትከሻቸው ይገጩታል፣ ሰው የዘረጋላቸውን እጅ ሳይጨብጡ ያልፋሉ። «የኔታ ኮሩ» መባል ተጀመረ፤ ያኔም ርብቃ ዝም። በመስከረም፣ በንግሥ ዕለት፣ መስቀል ይዘው ከቤተ ክርስቲያኑ ሲወርዱ ደረጃውን ስተው በግንባራቸው ተደፉ። ሴቱ እሪ አለ። ከዚያ ወዲያ የሚደበቅ ነገር አልነበረም። ወይፈኑ ተሸጠና ለሕክምና ደብረ ታቦር ወጡ።

ሐኪሙ መሐሪ ይባላል። ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜ ወስዶ አየና ወንበሩን ወደ እሳቸው አስጠጋ።

«አባታችን፣ የቀኙ ዓይን ጠፍቷል። የግራውም ከጥቂት በቀር አልቀረውም። የዓይን ግፊት ነው፤ ሳያምዎት ከዳር ከዳር እየበላ ይመጣል። መነጽር አይረዳውም፤ የጠፋውም አይመለስም። የቀረችውን ለማቆየት ጠብታ እሰጥዎታለሁ፤ ግን ተስፋ አልሰጥዎትም።»

የኔታ መቋሚያቸውን ጨበጡ። ሐኪሙ ቀጠለ፦

«እኛ እኮ ዐምና በጥር አርብ ገበያ ድረስ መጥተን ነበር። እኔ ራሴ ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ ነበርኩ። ያን ጊዜ ባይዎት የነበረዎትን በጠብታ ማቆየት ይቻል ነበር። መምጣታችንን አልሰሙም ነበር እንዴ?»

«ሰምተናል» አሉ የኔታ።

መናኸሪያው ውስጥ አንድ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። መኪናው ገና አልሞላም። የኔታ ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ፤ ወደ እሷ ግን አልሆነም፣ አለፍ ብሏል።

«ያን ዕለት ከአጠገቤ ነበርሽ።»

«ነበርኩ።»

«የገለጥኩት የቱን ነበር?»

«ሥዕሉን።»

«ፊደል የለውም?»

«የለውም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ይኸን አላወቁም ነበር።

«የእኔስ ትዕቢት ነው፤ እግዜር ይፍታኝ። አንቺን ግን ምን ያዘሽ?»

ርብቃ ለዚህ ጥያቄ መልስ ያላዘጋጀችበት ሌሊት የለም። ፈርቼ ነው ልትል ትችላለች። በሰው ፊት ላላዋርድዎት ብዬ ልትል ትችላለች፤ ይኸም ቢሆን ውሸት አይባልም። ግን ደክሟታል፤ የእሳቸውን ምስጢር ስትደብቅ፣ ከእሳቸውም ስትደበቅ ደክሟታል።

«ሰው ሁሉ ሲያደንቅዎት ደስ ብሎኝ ነበር» አለች።

የኔታ አልተቆጡም። ቢቆጡ በተሻላት ነበር።

«እኔም ደስ ብሎኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

ወደ አገራቸው ወደ ጋይንት የሚሄደው መኪና ረዳት መጣራት ጀመረ። ርብቃ ተነሥታ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አኖረችና በሩ ድረስ አመጣቻቸው። ደረጃው ከፍ ያለ ነው። መኪናው ውስጥ የደብራቸው ሰዎች ነበሩበት፤ ከገበያ የሚመለሱ፣ «የኔታ!» ብለው በአክብሮት ብድግ ያሉ።

«እጃቸውን ያዙልኝ» አለች ርብቃ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ፤ «አያዩም።»