ከበሩ የረዘመችው ፒካፕ

ፋርማሲስቱ አዲሷን ፒካፑን ጋራዥ አላስገባም። «ዕቃዋን ይቀይሩብኛል» ብሎ መካኒኩን ግቢው ድረስ አስመጣና፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ እያንዳንዷን ብሎን በዓይኑ ሲጠብቅ ሰነበተ። ባሌስትራዋ ከፍ አለ፣ ትልልቅ ጎማ ገባላት፣ ከኋላ የድንኳን መደርደሪያ ተበየደላት። በአዘቦት ቀን መድኃኒት ትጭናለች፤ ቅዳሜና እሑድ እሱንና ሚስቱን ብቻ ሐይቅ ዳር ታደርሳለች። «ብቻ» የተባለው በአማቱ ምክንያት ነው። ከሠርጋቸው ወዲህ ያለ እሳቸው የትም ሄደው አያውቁም።

ቅዳሜ ጠዋት ሞተር አስነስቶ ሲወጣ መደርደሪያው ከግቢው በር የላይኛው ብረት ጋር ጓ ብሎ ተላተመ።

«ጌታዬ፣ እኔ መኪናዋን እንጂ በሩን አልሠራሁ» አለ ሊሸኛቸው የመጣው መካኒክ፣ ሳቁን ውጦ።

ጎማውን አስተነፈሱት። አሁንም ሁለት ጣት ቀረ።

«ከኋላ ክብደት ያስፈልጋታል» አለ መካኒኩ። የሁሉም ዓይን ቀስ እያለ በረንዳ ላይ ወደተንሰራፉት አማት ዞረ።

«ምን ታፈጡብኛላችሁ?»

«እማማ፣ ለአንድ አፍታ ከኋላ ቢወጡልን…» አለ ፋርማሲስቱ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

አማት በርጩማውን ረግጠው ወጡ። ፒካፗ እህህ ብላ ዝቅ አለች፤ መደርደሪያውም ብረቱን ሳይነካ ሾልኮ አለፈ።

አስፋልቱ ላይ ሲደርሱ ፋርማሲስቱ በርጩማውን እየሮጠ አቀረበ። «እግዜር ይስጥልኝ እማማ። በሉ ይውረዱ።»

አማት ለድንኳኑ በተጫነው ፍራሽ ላይ ተደላደሉ። «ውይ ልጄን! እኔ ከወረድኩ ስትመለስ ማን ያስገባሃል?»

ፋርማሲስቱ በርጩማውንም ጫነው።