የሶፊ ግለ ሂስ

ሶፊ ያን ረቡዕ ከጦር ሰፈሩ ክሊኒክ ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። የአሥር አለቃ ልብሷን እንኳ ሳታወልቅ መደቡ ላይ ዘፍ አለች።

«ምን ሆንሽብኝ? በሞትኩት!» አሉ አያቷ ወይዘሮ አሰፋሽ።

«ነገ ግምገማ አለ፤ በጉደታ ጉዳይ።»

ጉደታ ጮሌ ከሚባል ወረዳ የመጣ ልጅ ነው፤ ጢም እንኳ በወጉ ያላቀመቀመ ወታደር። ሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ሆዱን ይዞ ክሊኒኩ ደረሰ። ነርሷ ሶፊ ገና ስትዳስሰው ትርፍ አንጀት መሆኑ ገባት። ሆስፒታሉ አሰላ ነው፤ በመኪና ሃያ ደቂቃ አይሞላም። ግን በዚያ ቤት ያለ ኃላፊው ፊርማ አምቡላንስ አይነቃነቅም። ኃላፊው ሻምበል ግዛቸው ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው። ሶፊ ሁለቴ ሄደች፤ ሁለቴም ዘቡ «የበላይ ስብሰባ አይቋረጥም» ብሎ መለሳት። ሻምበሉ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጥተው ፈረሙ። ጉደታ ሆስፒታል ሳይደርስ መንገድ ላይ አረፈ።

«የሆነውን ሁሉ ነገ እናገራለሁ» አለች ሶፊ።

ወይዘሮ አሰፋሽ ደረታቸውን ደቁ። «እንዲያማ አትይም! አጎትሽ እንደሻው በወረዳው ግምገማ ላይ አለቃውን ተናግሮ አይደል የተባረረው? ያ አጠገቡ የነበረው ሞላጫ ግን ‹ድክመቴን ተቀብያለሁ› ብሎ ይኸው ዛሬ ኃላፊ ነው። ሰማይ አይታረስ፣ አለቃ አይከሰስ! ግለ ሂስ አድርጊና ውጪ፤ ጥፋቴ ነው በይ።»

«የኔ ጥፋት አይደለም እኮ፣ እማዬ!»

«አይደለማ! ጥፋትሽ ነው ማን አለሽ? ለአፍሽ ብቻ በይው።»

እስክትምልላቸው አልለቀቋትም።

ሐሙስ ሶፊ ብድግ ብላ «በወቅቱ ባለማሳወቄ ጥፋተኛ ነኝ» አለች። ከባልደረቦቿ መካከል «ኧረ ስትመላለስ አይቻለሁ» ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ሁሉም ጫማውን ያያል። ቃለ ጉባኤው ተጻፈ፤ ፈረመች። ወረቀቱ ወደ በላይ ወጣ፤ በሳምንቱ ክስ ሆኖ ወረደ፤ ሶፊ ታሰረች።

ወይዘሮ አሰፋሽ እየተደነቃቀፉ ሻምበሉ ቢሮ ገቡ። «ልጄ፣ ጥፋቴ ነው በይ ያልኳት እኔ ነኝ! ዘቡን ይጠይቁልኝ!»

ሻምበሉ አክብረዋቸው ከወንበራቸው ተነሡ። «እማማ፣ እኔ ምን ላድርግ? ያመነችው ራሷ ናት። ይኸው ፊርማዋን ይዩት።»

አዩት። ምነው ፊደል ባልቆጠርኩ ኖሮ ብለው ተመኙ።

ዘቦቹ ሶፊን ከታሰረችበት ክፍል አምጥተው ለጥቂት ደቂቃ አገናኟቸው። ሶፊ ከስታለች።

«እማዬ፣ የጉደታ እናት መጥታ ነበር» አለች። «አየችኝ፤ ምንም አላለችኝም።» «ዘቡን ገፍትሬ መግባት ነበረብኝ፣ አይደል?»

«ኧረ አይደለም፣ የኔ እናት! ምን ነካሽ? ለአፍሽ ብቻ ነው እኮ ያልኩሽ!»

ሶፊ ቀና ብላ እንኳ አላየቻቸውም። «ገፍትሬ ብገባ ይድን ነበር» አለች፤ ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ፣ ደጋግማ።