መጀመሪያ ወሰኑን

«ወንዙ ዳር ቆርቁሪ! ወንዙ ዳር!» አለ ከኋላዋ የቆመው ሁሉ በአንድ አፍ።

«ዝም በሉ!» አለ የጌም ቤቱ ባለቤት ደረጄ። «መናገር የሚችል አማካሪ ብቻ ነው!»

ሠናይት ማውሱን ጨብጣ አልነቃነቀችውም። ስክሪኑ ላይ ሰፋሪዎቿ ጓዛቸውን በበቅሎ ጭነው ትእዛዝ ይጠብቃሉ። የቆሙበት ሜዳ ለምለም ነው፤ ወንዝ አለው፣ የከብት መንጋም አለው። ከሁለቱ ከተሞቿ መሀል ስለሆነ ማንም ሰው ዓይኑን ጨፍኖ እዚያው ይቆረቁር ነበር።

ያን ቅዳሜ ከሰዓት የደረጄ ቤት እግር ማሳረፊያ አልነበረውም። ጨዋታው በየተራ ነው፤ አንዱ ሰዎቹን አንቀሳቅሶ ሲጨርስ ሌላው ይቀጥላል። ከስልሳ ተራ በኋላ ሰፊ አገር የያዘው ያሸንፋል፤ ያሸነፈው ደብረ ታቦርንና አካባቢዋን ወክሎ ባሕር ዳር ይወዳደራል። አምናም ሠናይት እስከዚህ ደርሳ ነበር። ያኔ ከተሞቿን አራርቃ ቆረቆረች፤ በመንደርና በመንደር መሀል የከብት መዋያ እንደሚተው አገር ያወቀው ነው። የአንበሳሜው ሙሉቀን ግን የከብት መዋያ አያውቅም፤ ባዶውን መሬት ሲያይ ሁለት ከተማ ተከለበትና ጉድ ሠራት። ነገሩ ዓመት ሙሉ አንጀቷን ሲበላት ኖሯል። ዛሬም ፊት ለፊቷ የተቀመጠው እሱው ነው።

በዚህ መሀል አባቷ አቶ ሙላቴ ሰዉን እየገፉ ገቡ። ከጋፋት በእግራቸው መጥተው ገበያ ውለዋል። ልጃቸውን ይዘው ሊመለሱ ነበር፤ ግን ደክሟቸዋልና አጠገቧ ባገኙት ባዶ ወንበር ላይ ዘፍ አሉ።

«አባባ፣ እዚያ አይቀመጡ! የአማካሪ ወንበር ነው!»

የሷ አማካሪ ጠዋት አኩርፏት ሄዷል።

ሙሉቀን ሳቀ። «ምን ቸገረን! ይቀመጡ አባቴ፣ ይምከሯት።»

«ገበሬና ጌም!» አለ ከኋላ አንዱ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሠናይት ጆሮዋ ድረስ ጋላት።

አቶ ሙላቴ ግን ስክሪኑ ላይ አፍጥጠዋል። «ይኼ ሁሉ የማን አገር ነው?»

«ይኼ የኔ፣ ከተራራው ማዶ ያለው የሱ ነው። ሜዳው ባዶ ነው፤ የቀደመ ይይዘዋል።»

«ሰውዬው በየት ይሻገራል?»

«በዚህች በር ብቻ ነው።» በሁለት ተራራ መሀል ያለችውን ጠባብ መተላለፊያ አሳየቻቸው።

«ድንበር ገፊ ነው?»

ሳቋ አመለጣት። «አምና እስከ ጓዳዬ ገፍቶኛል!»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ገፊ ጎረቤት ያለው ሰው መጀመሪያ የሚያርሰው ወሰኑን ነው። መሀሉ የት ይሄድብሻል? በሩን ዝጊና ላሞቹን ሜዳው ላይ ልቀቂያቸው!»

«ቦታው ድንጋይ እኮ ነው። ውሃ የለው፣ እህል የለው፤ ከተማው አያድግም።»

«አይደግ! ኬላ ይሁንሽ።»

ሠናይት ዓመት ሙሉ ባዶውን መሬት ስለመሙላት ስታስብ፣ በሩን ስለመዝጋት አንድ ቀን አላሰበችም። መንገዱ አራት ተራ ይፈጃል። ሙሉቀን ከቀደማት በሩም ሜዳውም የሱ ነው፤ ባሕር ዳርም ቀረ ማለት ነው።

ሰፋሪዎቹን ወደ ድንጋዩ መራቻቸው። ተመልካቹ «ኧረ ተበላሽ!» አለ።

አንደኛው ተራ አለፈ፤ ሁለተኛውም። በሦስተኛው የሙሉቀን ሰፋሪዎች ከተራራው ማዶ ብቅ አሉ። ከበሩ የቀራቸው ሁለት እርምጃ ብቻ ነው!

«ነይ፣ ነይ፣ ነይ!» አሉ አቶ ሙላቴ፣ ስክሪኑ ላይ ያለችውን በቅሎ እየጠሩ። ሠናይትም አብራቸው ትጠራለች። መብራት እንዳይሄድ ብቻ!

በአራተኛው ተራ ቀዳሚዋ እሷ ነበረች። ሰፋሪዎቹ በሩ ላይ ሲደርሱ ማውሱን ተጫነችው። ነጋሪት ተጎሰመ፤ ድንበሯ ከተራራ እስከ ተራራ ተዘረጋ። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። የሙሉቀን ሰፋሪዎች ድንበሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ፤ ያለ ጦርነት ማለፍ አይቻልም። ሰውዬው ደግሞ ለመሬት ሲጣደፍ አንድ ወታደር እንኳ አላሠለጠነም።

ከዚያ ወዲያ ሠናይት ወንዙን ተከትላ እየተዝናናች ሦስት ከተማ ቆረቆረች። የከብቱን ሜዳ ግን አባቷ አላስነኳትም። ስልሳኛው ተራ ሲያልቅ የያዘችው አገር የሙሉቀንን እጥፍ ሆኖ ነበር። ደስታው አላስቀምጥ አላት፤ ብድግ ብላ አባቷን አገላብጣ ሳመቻቸው።

«በሩን ዘጋሽብኝ!» አለ ሙሉቀን እጁን እየዘረጋ። «ማንንም አልወቅስም፤ አባትሽን ያስቀመጥኳቸው እኔው ነኝ።»

ደረጄ የባሕር ዳሩን ቅጽ ይዞ መጣ። «የአማካሪ ስም እዚህ ላይ ይገባል። ማን ልበል?»

አራት አምስት ጎረምሳ ወደፊት ተጋፋ፤ «ገበሬና ጌም» ያለውም አለበት። ሠናይት ወደ አባቷ ዞር አለች። ሜዳው ላይ ያሉትን ላሞች በጣታቸው እየቆጠሩ ነው።

«ሙላቴ በል» አለች። «ሥራ የሚለውንም እንዳትዘለው፤ ገበሬ ብለህ ጻፍ።»