ከመስታወቱ ሥር

«ከአስር እጥፍ ካለፈ ታክሲውን ትሸጫለሽ፤ በሰው ፊት ነው ያልሽው» አለ የልጅቷ አጎት፣ የሻይ ብርጭቆውን መስኮቱ ደፍ ላይ እያስቀመጠ።

«ካለፈ ራሴ ጭኜ እሰጥሃለሁ ጋሼ። ካላለፈ ግን ገጥሜ እነዳዋለሁ።»

ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ። አያትየው ከፍራሹ ጥግ የልጅ ልጃቸውን አዩአት። ዓይኗ አብጧል፤ እጇ ግን አባቷ ጀምሮ የተወውን የሞተር ክዳን፣ ቴስታታውን፣ ይወለውላል።

«የአባቷ አፈር ሳይደርቅ!» አለች አንዷ ጎረቤት በሹክሹክታ።

«ታክሲውን ልትነዳ ነው አሉ። ሴት ልጅ፣ ብቻዋን፣ ስንቱ እብድ በሚሮጥበት መንገድ...» አለች ሌላዋ።

አያትየው ሰሙ። የራሳቸው ስጋት ነው ከሰው አፍ የወጣው። አንዱን ቀብረዋል፤ እሱ የተወላቸውን ደግሞ አስፋልት ይብላት? ጠዋት ፊታቸውን ሲታጠቡ «አምላኬ፣ ያንን ሞተር አበላሽልኝ» ብለው ለምነዋል። ከውሃው በቀር የሰማቸው የለም።

ሟቹ ልጃቸው ሞተር ሲያድስ ቸኩሎ አያውቅም ነበር። «እማ፣ ነገሩ ፒስተኑ አየሩን ስንት እጥፍ ያምቀዋል ነው» ይላቸው ነበር፣ የገባቸው ይመስል። «ከልክ በላይ ከታመቀ ቤንዚኑ ያለጊዜው ይፈነዳና ሞተሩ ራሱን ይደበድባል። አፉ ስንት እንደሚይዝ ሳትለኪ አትዘጊውም።» የዚህን ቴስታታ ፊት በማሽን አስጠርቦ አመጣ። ሲጠረብ ጉድጓዱ ይጠባል፤ እንደገና መለካት ነበረበት። ሳይለካው አልጋ ያዘ።

ጉሮሮው እምቢ ሲል ወተቱን በሲሪንጅ የሚያጠጡት እሳቸው ነበሩ። «መጀመሪያ አየሯን ያስወጡ እማማ» ብላ ነርሷ አስተማረቻቸው። እሱ በዚያ በሰለለ ድምፁ፣ «እማ፣ እኔንም ለካሽኝ እኮ! ስንት ያዝኩ?» ብሎ ያስቃቸው ነበር። በመጨረሻው ቀን ወተቱ በከንፈሩ ጥግ ተመልሶ ወረደ። በመሐረባቸው ጠረጉለት።

ልጅቷ ቴስታታውን ጠረጴዛው ላይ በጀርባው አስተኛችው። የጉድጓዱን ዙሪያ ግራሶ ቀብታ፣ ትንሽ ቀዳዳ ያላት መስታወት ከደነችበት። በሲሪንጁ ቀይ ቀለም ጠብ ያለበት ነጭ ጋዝ መጠጠች። ቀዳዳዋን ሳተችና መስታወቱ ላይ ፈሰሰ። ጠርጋ ደገመች፤ አሁንም ፈሰሰ።

«አምጪው» አሉ አያትየው እየተነሱ።

«እማ፣ አንቺ ደግሞ ምን አገባሽ?» አለ አጎትየው።

«ዝም በል። አንተን ማን አጠባህና!»

አየሯን አስወጡ። ከዚያ ጠብታ በጠብታ ገፉ። አስር የሚይዘው ሲሪንጅ ሦስቴ ሞልቶ ሦስቴ ባዶ ሆነ። በአራተኛው፣ ስምንቱ መስመር ላይ ሲደርሱ ቀዩ ጋዝ ከቀዳዳዋ አፍ ብቅ አለ።

«ሠላሳ ስምንት» አለች ልጅቷ። በጣቷ ግራሶው ላይ ጻፈች። «ከሥሩ የሚነጠፈው ማሸጊያ፣ የጓርኒሲዮኑ ውፍረት የሚጨምረው ስድስት፤ አርባ አራት። ፒስተኑ የሚጠርገው አራት መቶ። ሁለቱ ተደምሮ ለአርባ አራት ሲካፈል...» ከንፈሯ ቆመ። «አስር ከትንሽ።»

«አለፈ?» አላት አጎቷ።

«አለፈ።»

አጎትየው አልፎከረባትም። ትከሻዋን ያዝ አደረገ። «አይዞሽ ብሎኔ» አላት፤ አባቷ ያወጣላት ስም ነው፣ ከመኪና ሥር ስለማትጠፋ። «ነገ ገዢውን እጠራዋለሁ።»

አያትየው ግን አይተዋል። በእሳቸው በኩል፣ ከመስታወቱ ጠርዝ ሥር፣ የአዝራር ያህል አየር የጋዙን ቦታ ይዞ ተጋድሟል። ከልጅቷ በኩል የመስኮቱ ብርሃን ጋርዶታል። ዝም ቢሉ ልጅቷ ከመንገዱ ትቀራለች። ጠዋት የለመኑት ይሄው መጣላቸው፤ መዋሸት እንኳ አያስፈልግም።

ልጅቷ መፍቻዎቹን አንድ በአንድ ወደ አባቷ ሣጥን ትመልስ ጀመር።

«ቆዩ» አሉ። ድምፃቸው ለራሳቸውም እንግዳ ሆነባቸው። «አየር አለው።»

መዳፋቸውን ከብረቱ ሥር ከተው፣ የልጃቸውን አንገት ቀና እንደሚያደርጉት፣ ጥቂት ብድግ አደረጉት። አየሯ እየተንፏቀቀች ወደ ቀዳዳዋ ሄዳ ወጣች። በሲሪንጁ የቀረውን ሁለት መስመር ጨርሰው ገፉ።

«አርባ ያዘ» አሉ።

ልጅቷ የጻፈችውን ደመሰሰች። እንደገና አካፈለች። «ዘጠኝ... ዘጠኝ ነጥብ ሰባት! እማማ!» ሳቋና ለቅሶዋ አንድ ላይ መጣ። አጎትየው ቀዝቃዛ ሻዩን አንስቶ ጠጣው።

«ቀስ ብለሽ ንጂ» አሉ አያትየው። መሐረባቸውን ከደረታቸው አውጥተው፣ ከብረቱ ጥግ የወረደችውን ጠብታ ጠረጉ። በቀስታ፣ እንዳያመው።