የአሥራ አንደኛው በር ትርጉም

ፋርቱን ደብተሩን ይዛ ቤቴ የመጣችው ረቡዕ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ጅግጅጋ ውስጥ በዚያ ፀሐይ ጤነኛ ሰው ከጥላ አይወጣም። እኔም ከትምህርት ቤት ገብቼ እግሬን ሰቅዬ ነበር፤ በሩ ሲንኳኳ እየተነጫነጭኩ ነው የከፈትኩት። መነጫነጭ ልማዴ ነው። ሃያ ዓመት እንግሊዝኛ ላስተማረ ሰው ሌላ ምን ይተርፈዋል?

«ቲቸር፣ ፋራህ ይቺን ትቶልኝ ሄዷል» አለችኝ።

ፋራህ የበኩር ልጇ ነው። ሃያ ዓመት ሞልቶታል፤ ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ሳለ አስተምሬዋለሁ። ሰኞ ዕለት «ደገሀቡር አጎቴ ጋ ልሂድ» ብሎ ወጣ። አጎቱ ግን አላየሁትም አለ፤ የፋራህም ስልክ ዝግ ነው። ፋርቱን የጨርቅ ሱቅ አላት። በዚያው ረቡዕ ለደንበኛ አንድ ጣቃ ስታወርድ ደብተሩ ከመደርደሪያው ላይ ወደቀ። ማንበብ ስለማትችል ሽፋኑን ያነበበችላት ደንበኛዋ ነች። «ለሆዮ፣ ቲቸር ንጋቷ ታንብብልሽ» ይላል። ሆዮ በሶማሊኛ እማዬ ማለት ነው፤ ንጋቷ ደግሞ እኔ ነኝ።

«ተህሪብ ነው? ወላሂ አትደብቂኝ» አለች።

ተህሪብ እዚህ ከተማ ውስጥ ጮክ ተብሎ የማይጠራ ቃል ነው። ልጆች ቤታቸውን ጥለው በደላላ እጅ ባሕር ለመሻገር የሚወጡበት ጉዞ ነው። መንገዱ ደግሞ አንድ አይደለም። በመተማ ወደ ሱዳን የሚሄድ አለ፣ በአይሻ ወደ ጅቡቲ የሚሄድ አለ፣ ከእኛ አንድ ሰዓት ተኩል በምትርቀው በቶግ ውጫሌ አድርጎ ወደ ሀርጌሳ የሚሻገርም አለ። በየትኛው እንደሄደ ሳያውቁ መከተል ከንቱ ድካም ነው። ፋርቱን ከእኔ የፈለገችው ይህንኑ ነበር። ልጄ የት ነው? ልደርስበት እችላለሁ ወይ?

ደብተሩን ገለጥኩት። ደብዳቤ አልነበረም። የእንግሊዝኛ ዘፈን ግጥም ነው፤ በጥንቃቄ ተገልብጦ ከአንድ እስከ አሥራ አንድ ቁጥር ተሰጥቶታል። ገና የመጀመሪያውን ስንኝ ሳይ አወቅሁት።

ፋራህ የሮክ ሙዚቃ ዕብድ ነበር። እኩዮቹ የሠርግ ዘፈን ሜሞሪ ላይ ሲያስጭኑ እሱ ከሀርጌሳ የጊታር ጩኸት ያስመጣል። ከሁሉም የሚወደው «አሥራ አንድ በሮች» የሚባል አልበም ነበር። አሥረኛ ክፍል ሳለ አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት የመምህራን ክፍል ድረስ መጥቶ አንዱን ማዳመጫ ጆሮዬ ውስጥ ሰካው። «እንዳትዘዪ ቲቸር። አሥራ አንድ ዘፈን ሳይሆን አንድ ታሪክ ነው» አለኝ። ሶማሊ ተማሪዎቼ አንቱታ የሚሉት ነገር አያውቁም፤ እኔም መቆጣት ትቻለሁ።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ልጅ እናቱን እንዳይቀሰቅስ የቤታቸውን በር ቀስ አድርጎ ዘግቶ ይወጣል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ዘፈን አንድ በር ነው፤ የአውቶቡስ በር፣ የደላላ በር፣ የጭነት መኪና በር፣ የጀልባ ማረፊያ በር እያለ ይቀጥላል። አሥራ አንደኛው የገዛ እናቱ በር ነው። ይከፈትለታል፣ ይገባል፣ ጊታሩም ይለዝባል።

«ደረሰ ወይስ አልደረሰም?» ብሎ ጠየቀኝ ያን ጊዜ።

«ደረሰ እንጂ! በሩ ተከፈተለት አይደል?»

«ከጀርባ ያለውን ስሚው» አለኝ።

ውሃ ነበር። ከዘጠነኛው ዘፈን ጀምሮ የሚሰማው የባሕር ድምፅ እናትየው ቤት ውስጥም አልቆመም። ልጁ በሩን የሚያየው እየሰጠመ ነው። ፋራህ ይህን ያወቀው ከእኔ ቀድሞ ነው።

እንግዲህ ረቡዕ ዕለት እጄ ላይ የወደቀው ያ አልበም ነበር። አራተኛው በር ላይ ስደርስ ደግሜ አነበብኩ። በዚያ ዘፈን ልጁ የድንበር ከተማ ደርሶ መስኮት በሌለው ክፍል መኪና ይጠብቃል። «ሦስት ሌሊት እዚህ ነኝ፤ ስሜን የሚጠራ ከመጣ እመለሳለሁ» ይላል። ፋራህ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። ዘፈኑ የከተማዋን ስም የሚጠራበት ቦታ ላይ ስሟን ሰርዞ «ውጫሌ» ብሎ ጽፏል።

ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። በጣቴ ቆጠርኩ። አንድ ሌሊት ቀርቶታል።

«ምን ይላል?» አለች ፋርቱን።

መናገር ነበረብኝ። አሁን ሳስበው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ «ውጫሌ ነው፣ ተነሺ እንሂድ» ማለት ብቻ። ግን ዓይኔ አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ተተክሎ ቀረ። የሞት ወረቀት የያዝኩ ነው የመሰለኝ። ፋርቱን ደም ግፊት አለባት፣ ባሏ የለም፣ ቤት ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። እኔ ባደግኩበት አገር እንዲህ ያለ ነገር ለአንድ ሴት ብቻዋን በጠራራ ፀሐይ አይነገርም። ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ፈሪነቴ ነው።

«ስለ አንድ ልጅ የሚናገር ዘፈን ነው» አልኳት። «ከቤት ይወጣል፣ ብዙ አገር ያያል።»

«ከዚያስ?»

«መጨረሻ ላይ እናቱ ቤት ይገባል። በሩን ትከፍትለታለች።»

«አገር አይጠራም? የሄደበትን አይልም?»

«ዘፈን እኮ ነው ፋርቱን።»

ውሸት የምለው ይህን፣ ውጫሌን መደበቄን ነው። የቀረውን እንኳ ግጥሙ እንዳለው ነበር የነገርኳት። ፋርቱን ትከሻዋ ወረደ፤ «አልሐምዱሊላህ» አለች። ከጓደኞቹ ጋር ለመዝናናት ሄዶ ይሆናል፣ ሲያልቅበት ይመጣል ብላ ራሷን አጽናናች። ስትወጣ እጄን ሳመችኝ።

እኔ በቀጥታ ወደ ደስታነሽ ሮጥኩ። ደስታነሽ በእድራችን መርዶ የምትነግር ሴት ናት። ከመሀል አገር መጥተን እዚህ ለምንኖር ሰዎች ስንት ሞት አርድታለች፤ ማን መቼ እንደሚነገረው፣ ማን ማን ይዞት እንደሚቀመጥ ታውቃለች። ሁሉንም ነገርኳት።

«ደግ አደረግሽ» አለችኝ። «እንዴት ብቻዋን ይነገራታል? ንጋት ላይ ሰው ይዘን እንሂድ። ከዚያ ቶሎ መኪና ይዘን ውጫሌ እንወርዳለን። ዛሬን ያድር የለ?»

«ያድራል፤ ሦስት ሌሊት ይላል» አልኩ። በትርጉሜ እርግጠኛ ነበርኩ። እፎይም አልኩ፤ ይህን አልክድም። ውጫሌ ላይ መኪና በስንት ሰዓት እንደሚነሳ ግን እኔም እሷም አልጠየቅንም።

ሐሙስ ንጋት ላይ አራት ሴቶች ነጠላችንን ለብሰን የፋርቱንን በር አንኳኳን። የሱብሒ ሶላቷን ሰግዳ ስትጨርስ ነው የደረስነው። በሩን ከፈተች። እኔን አየች፣ ደስታነሽን አየች፣ ከኋላ ያሉትን አየች። ከእኛ ጋር ሠላሳ ዓመት የኖረች ሴት ነች፤ ነጠላ የለበሱ ሴቶች በዚያ ሰዓት ለምን እንደሚመጡ ታውቃለች።

ጮኸች። ደፉ ላይ ተቀመጠችና ፊቷን ትቧጭር ጀመር። ደስታነሽ ልትይዛት ጎንበስ አለች፣ «እህቴ፣ አይዞሽ፣ የአላህ ነገር ነው» ማለት ጀመረች።

«አልሞተም!» አልኩ። እኔም እየጮህኩ ነበር። «በሕይወት አለ! ውጫሌ ነው ያለው፣ ዛሬ ነው የሚሻገረው!»

ፋርቱን እጇን ከፊቷ ላይ አወረደች። «መቼ ሰማሽ?»

«ትናንት። ደብተሩ ላይ አለ።»

«እኛ ወሬ አናሳድርም ቲቸር» አለች። «ሰው ስናገኝ መጀመሪያ ወሬ ነው የምንጠይቀው። ክፉም ቢሆን እዚያው ይነገራል።»

ልቅሶ ያልደረሰበትን ቤት ልቅሶ ቤት አድርጌዋለሁ። በሕይወት ላለ ልጅ መርዶ አዘጋጅቼ አድሬያለሁ።

ሚኒባስ ኮንትራት ይዘን እኔና እሷ ብቻ ሄድን። ኬላው ላይ መታወቂያችንን እያገላበጡ አዘገዩን። ሾፌሩን «ንዳው» ባልኩት ቁጥር ያየኛል። ፋርቱን ደብተሩን ጉልበቷ ላይ ይዛ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ዱዓ ይሁን እርግማን አላወቅኩም። እርግማን ቢሆንም አልተቀየምኳትም።

ውጫሌ ስንደርስ ሁለት ሰዓት አልሞላም። ሰው እየጠየቅን ከከብት ተራው ጀርባ ያለውን የደላላ ቤት አገኘነው። ግቢውን የምትጠርግ ሴት ነበረች። ፋርቱን በሶማሊኛ ጠየቀቻት፤ እኔም ተከታትዬ ሰማሁ።

ልጆቹ ሶላት ሳይሰግዱ፣ ገና ሳይነጋ ተጭነዋል። «አንድ ረጅም ልጅ ነበር» አለች ሴትየዋ። «ጆሮው ላይ ገመድ ያለው። ትናንት ቀኑን ሙሉ በር ላይ ቆሞ መንገዱን ሲያይ ነው የዋለው። ምሳ ብላ ብለው ጠሩት፣ አልገባም።»

የፋርቱን ስልክ የጮኸው እዚያው ቆመን ሳለ ነው። የሶማሌላንድ ቁጥር ነበር።

«ፋራህ! ተመለስ! ውረድ!» አለች። ደጋግማ ጮኸች። ከዚያ ዝም ብላ አዳመጠች። ስልኩ የሾፌሩ ነው፣ ከሀርጌሳ አልፈዋል፣ ከዚያ መኪና ላይ ማንም መውረድ አይችልም። ይህን የሰማሁት እሷ እየደጋገመች ስትመልስለት ነው። በመጨረሻ ስልኩን ከጆሮዋ ላይ አንስታ ዘረጋችልኝ።

«ቲቸር አላነበበችልሽም ወይ ይለኛል። አንቺ ንገሪው።»

ተቀበልኳት።

«ቲቸር?» አለ። ሞተሩ ይጮሃል፤ ድምፁ ግን ያው ነው፣ ክፍል ውስጥ እጁን ሲያወጣ እንደነበረው። «አልገባሽም እንዴ?»

አልገባኝም ማለት ይቻል ነበር። ትርጉም ያልገባው አስተማሪ ብሆን ለሁላችንም ይቀል ነበር፤ ለእሱም፣ ለእሷም፣ ለእኔም።

«ገብቶኝ ነበር ፋራህ» አልኩት። «ሁሉም ገብቶኝ ነበር። ለእናትህ ያልነገርኳት እኔ ነኝ።»

«እሺ» አለ፣ ስልኩም ተቋረጠ።

ፋርቱን ክንዴን ጨብጣ ፊቴን ታያለች። «ምን አለሽ?»

«እሺ አለኝ» አልኳት። «ሌላ ምንም አላለም።»